የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል የትኛው ክትባት፣ የትኛው ምርመራ? የኤች.ፒ.ቪ. መከላከያ አማራጮች ንጽጽር

ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ.፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፉ ተዋስያን መካከል በስርጭቱ ቀዳሚ ነው። ግንኙነት የጀመሩ ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዙታል፤ የሚበዙትም መያዛቸውን ሳያውቁት ሰውነታቸው ራሱ ቫይረሱን ያስወግደዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ቫይረሱ ሳይወገድ ለዓመታት በማህፀን በር ላይ ሲቆይ ነው። በኢትዮጵያ የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዝ ካንሰር ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሌም መነሻው ይኸው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር መያዛቸው የታወቀ ሲሆን 350 ሺህ ያህል ደግሞ ሞተውበታል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የኖሩት ክትባቱም ምርመራውም እንደልብ በማይገኝባቸው አገሮች ነው።

በሽታውን መከላከል ይቻላል፤ ለመከላከል የቀረቡት አማራጮች ግን ሰውን ግራ ያጋባሉ። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት አለ፣ በአንዳንድ የግል ተቋማት ደግሞ በክፍያ የሚሰጥ ሌላ ዓይነት አለ። ጤና ጣቢያው በፈሳሽ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ምርመራ ያደርጋል፣ የግል ሆስፒታሉ ፓፕ ስሚር ያዛል፣ ሌላው ደግሞ «አሁን የሚሻለው የቫይረሱ የዘረመል ምርመራ ነው» ይላል። የ35 ዓመት እናት ለራሷ የትኛውን፣ ለ12 ዓመት ልጇ የትኛውን እንደምትመርጥ ለመወሰን መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ማወቅ ይኖርባታል።

ከንጽጽሩ በፊት፦ ምልክት ላላት ሴት ይህ መመሪያ አይመለከታትም

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት ምርመራዎች ምንም ሕመም ለማይሰማት ሴት የሚደረጉ ናቸው። ከግንኙነት በኋላ የሚደማት፣ ከወር አበባዋ ጊዜ ውጭ ደም የምታይ፣ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ እንደገና ደም የታያት፣ ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ያላቋረጣት ሴት «የትኛው ቅድመ ምርመራ ይሻለኛል?» እያለች ጊዜ ማጥፋት አይገባትም። በቀጥታ ወደ ማህፀን ሐኪም ሄዳ መታየት፣ አስፈላጊ ከሆነም ናሙና ተወስዶላት በፓቶሎጂ፣ ማለትም በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ መመርመር ይኖርባታል። ይህን ማስቀደሜ ብዙ ሴቶች ደም ማየታቸውን እንደ ተራ ነገር ወይም እንደ ዕድሜ ለውጥ ቆጥረው ወራት ስለሚያሳልፉ ነው።

ቫይረሱ የሚሄድበት መንገድ

ከ200 በላይ የኤች.ፒ.ቪ. ዓይነቶች ይታወቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 14 የሚሆኑት ካንሰር የማምጣት አቅም ስላላቸው ከፍተኛ አደጋ ያላቸው ይባላሉ። ዓይነት 16 እና 18 ብቻቸውን ለማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህል ምክንያት ናቸው። ዓይነት 6 እና 11 ደግሞ ካንሰር አያመጡም፤ በብልት አካባቢ ለሚወጣው ኪንታሮት ግን በአብዛኛው ተጠያቂ ናቸው። ስለዚህ ኪንታሮት የወጣበት ሰው ካንሰር ያዘኝ ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ ምንም ኪንታሮት ያልታየባትም ሴት ከቫይረሱ ነፃ ነኝ ማለት አትችልም።

አብዛኛው ኢንፌክሽን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። የማይጠፋው የማህፀን በርን ሴሎች ቀስ በቀስ እየለወጠ ቅድመ ካንሰር ወደሚባለው ደረጃ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ካንሰር ለመድረስ ጤናማ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ላይ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለና ሕክምና ያልጀመረች ሴት ላይ ግን ይህ ጊዜ ወደ 5 እና 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። የመከላከል ሥራው በሙሉ የቆመው በዚህ ረጅም ጊዜ ላይ ነው፦ ክትባቱ ቫይረሱ ሳይገባ ይቀድመዋል፣ ምርመራው ደግሞ ቅድመ ካንሰሩን ካንሰር ሳይሆን ይደርስበታል።

በዚሁ ላይ በብዙ ቤት ሰላም የሚያደፈርስ ነገር አለና ግልጽ መሆን አለበት። ቫይረሱ ለዓመታት ሳይታወቅ ተደብቆ ሊኖር ስለሚችል፣ ዛሬ በምርመራ መገኘቱ ማን ከማን እንደያዘውም መቼ እንደያዘውም አይናገርም። ውጤቱን ይዞ የትዳር ጓደኛን በአለመታመን መክሰስ ከሕክምና አንጻር መሠረት የለውም።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን በአምስት ጥያቄዎች መመዘን ይበቃል። አንደኛ፣ የሚሠራው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው፦ ከኢንፌክሽን በፊት ወይስ በኋላ? ሁለተኛ፣ ችግሩ ካለ ምን ያህል ያገኘዋል? ሦስተኛ፣ ውጤቱ በስንት ቀን፣ በስንት ምልልስ ይታወቃል? አራተኛ፣ ችግር ከተገኘ ሕክምናው እዚያው አለ ወይስ ሌላ ከተማ ያስኬዳል? አምስተኛ፣ ወጪውና ለአካል የሚሰጠው ምቾት እንዴት ነው?

ከአምስቱ ሁለተኛው በማስታወቂያም በምክርም ብዙ ይወራለታል። በእኔ ዕይታ ግን ሚዛን የሚደፉት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። በጣም ትክክለኛ የሆነ ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሳይመለስ ቢቀር፣ ወይም ተመልሶ ሴቲቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዛ እንድትታከም ቢነገራትና ሳትሄድ ብትቀር፣ ያ ምርመራ አልጠቀማትም። ለራሷ ምርመራ የምትመርጥ ሴትም ይህን ጥያቄ ከዋጋው አስቀድማ ማንሳት አለባት።

ክትባቱ፦ በየትኛው ዕድሜ፣ ስንት ጊዜ፣ የትኛው ዓይነት

ክትባቱ የሚዘጋጀው ከቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን ብቻ ነው። በውስጡ ሕያው ቫይረስም ሆነ የቫይረሱ ዘረመል ስለሌለ ኢንፌክሽንም ካንሰርም ሊያመጣ አይችልም። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ በብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር፣ ወላጆችን አስፈርቷል፤ በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክትባት ከተሰጠ በኋላ በተደረገው ክትትል ግን ከመካንነት ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ አልተገኘም። ይልቁንም የማህፀን በር ካንሰርና ለእርሱ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የመውለድ ተስፋን በእርግጥ ስለሚያጨልሙ፣ ስለ ልጇ መውለድ የምትጨነቅ እናት ክትባቱን ለመደገፍ በቂ ምክንያት አላት።

ውጤታማነቱ በግምት የተቀመጠ አይደለም። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በእንግሊዝም በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ በተሰጣቸው ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ቅናሽ ታይቷል። ሁለቱም ጥናቶች በአንድ ነጥብ ይስማማሉ፦ ዕድሜ ሲቀንስ ጥቅሙ ይጨምራል። ክትባቱ ቀድሞ የገባን ቫይረስ ስለማያጠፋ፣ የሚሻለው ጊዜ ልጅቷ ግንኙነት ከመጀመሯ በፊት ያለው ነው። በ12 ዓመት ልጅ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ ለወላጅ ይከብዳል፤ ክትባቱን መስጠት ግን ለግንኙነት ፈቃድ መስጠት አይደለም፣ ልጅቷ አግብታ ለምትኖረው ሕይወት የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመርፌው ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣው አቋም ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች አንድ ወይም ሁለት መርፌ በቂ መሆኑን ተቀብሏል፤ ከ21 ዓመት በላይ ላሉ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት መርፌ፣ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመና ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ላለ ደግሞ ቢቻል ሦስት፣ ቢያንስ ሁለት መርፌ ይመከራል። አንድ መርፌ ይበቃል የሚለውን ካጠናከሩት ጥናቶች አንዱ በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 በሆኑ ወጣት ሴቶች ላይ አንድ መርፌ ብቻ በ18 ወር ውስጥ ከዓይነት 16 እና 18 ዘላቂ ኢንፌክሽን 97.5 በመቶ ጠብቋል። ስለዚህ ልጇ አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበችላት እናት «ጎዶሎ ክትባት ነው የሰጧት» ብላ መጨነቅ አያስፈልጋትም።

ሦስተኛው ጥያቄ የክትባቱ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይመደባሉ፦ ዓይነት 16 እና 18ን ብቻ የሚከላከል ባለ ሁለት፣ በእነዚህ ላይ 6 እና 11ን የሚጨምር ባለ አራት፣ ሌሎች አምስት አደገኛ ዓይነቶችን አክሎ ከማህፀን በር ካንሰር መንስኤዎች 90 በመቶ ያህሉን የሚሸፍን ባለ ዘጠኝ። ባለ ዘጠኙ የሚሸፍነው ሰፊ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሦስቱም ዋናዎቹን ሁለቱን፣ 16 እና 18ን፣ በእኩል ብቃት ይከላከላሉ። በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ክትባት ባለበት፣ «ባለ ዘጠኙን በግል አስከትባታለሁ» ብሎ ገንዘብ እስኪገኝ አንድና ሁለት ዓመት ማቆየት በግልጽ የተሳሳተ ምርጫ ነው። አቅም ላለውና ክትባቱም በእጁ ላለ ቤተሰብ ባለ ዘጠኙ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ለኢንፌክሽን ተጋልጦ ለመጠበቅ ግን ምክንያት አይሆንም።

በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ወደ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም ሲገባ የተጀመረው በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በወቅቱ በዓለም ላይ የክትባት እጥረት ስለነበር ሰፊ የዕድሜ ክልል ለመሸፈን አልተቻለም። ትምህርት ቤት የማይሄዱ ልጃገረዶች በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ሊያገኙት ይችላሉ። በተግባር የሚቀሩት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ያለችበት ቤተሰብ ከራሱ ልጅ ጋር እሷንም ይዟት ቢሄድ ትልቅ ነገር ያደርግላታል።

ኮንዶምና ግርዛት

ኮንዶም የመተላለፍ ዕድልን በደንብ ይቀንሳል፣ ከኤች.አይ.ቪ.፣ ከጨብጥና ከቂጥኝም ስለሚጠብቅ ምትክ የለውም። ኤች.ፒ.ቪ. ግን ኮንዶም በማይሸፍነው ቆዳም ስለሚተላለፍ ጥበቃው ሙሉ አይሆንም። የወንድ ግርዛትም አደጋውን በመጠኑ ይቀንሰዋል፤ ሆኖም አብዛኛው ወንድ በተገረዘበት በአገራችን በሽታው በስፋት መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ሁለቱም ክትባቱንም ምርመራውንም አይተኩም።

በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ የዓይን ምርመራ (ቪ.አይ.ኤ.)

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ሴቲቱ አልጋው ላይ ተንጋላ እግሮቿን አጥፋ ትተኛለች፤ ባለሙያዋ ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ የማህፀን በሩን እንዲታይ አድርጋ መብራት ታበራበታለች፤ ከዚያ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ የነከረችበትን ጥጥ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤናማው ገጽ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል። ለውጥ የጀመረው ክፍል ደግሞ ዳሩ ጥርት ብሎ ይነጣል። መቀባቱ ትንሽ የማቃጠል ስሜት ሊሰጥ ይችላል፤ ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ያልቃል። ፈሳሹ ከኮምጣጤ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን ሰምተው በቤታቸው ብልታቸውን በኮምጣጤ የሚታጠቡ ሴቶች አሉ፤ ይህ ምንም አይከላከልም፣ ቆዳውን ግን ያቆስላል።

ትልቁ ጥቅሙ ሴቲቱ ከአልጋው ሳትወርድ ውጤቷን ማወቋ፣ መሣሪያው ካለም በዚያው ቀን መታከሟ ነው። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ድክመቱ በባለሙያዋ ዓይንና ልምድ ላይ መመሥረቱ ነው፤ አንዷ ነጭ ያለችውን ሌላዋ ምንም አይደለም ልትለው ትችላለች። በሕንድ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ይህን በደንብ ያሳያሉ። በሙምባይ በጥሩ ሁኔታ የሠለጠኑና ክትትል የሚደረግላቸው የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ደጋግመው ሲመረምሩ በማህፀን በር ካንሰር የሚሞቱት በ31 በመቶ ቀንሰዋል። ከ130 ሺህ በላይ ሴቶች በተሳተፉበት በኦስማናባድ ጥናት ግን አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገው የዓይን ምርመራ ሞትን ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም። አንድ ጊዜ ታይታ «ነፃ ነሽ» የተባለች ሴት በቀጠሮዋ ተመልሳ መታየት ያለባት ለዚህ ነው።

ሌላው ገደብ ዕድሜ ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ምርመራው አስተማማኝነቱን ያጣል፤ በዚህም ምክንያት በአገራችን ዋናው ዒላማ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው።

ፓፕ ስሚር

ከማህፀን በር ላይ በብሩሽ ሴል ተወስዶ በመስታወት ላይ ይቀባና በማይክሮስኮፕ ይታያል። የበለጸጉ አገሮች የዚህን ካንሰር ሞት ለአሥርት ዓመታት የቀነሱት በዚህ ነው፤ ነገር ግን የቀነሱት በየጊዜው ደጋግመው በመመርመር፣ ናሙናውን የሚያነቡ በርካታ ባለሙያዎች በማሰማራትና ያልተመለሰችውን ሴት በደብዳቤ ጠርተው በማምጣት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ፓፕ ስሚር ብዙ ቅድመ ካንሰር ያልፈዋል። በእኛ ሁኔታ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑ ውጤቱ ሊዘገይ ይችላል፣ ለውጥ ከተገኘም ለተጨማሪ ምርመራ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀጠሮ ይከተላል። በከተማ የምትኖር፣ ውጤቷን የምትከታተል፣ የራሷ የማህፀን ሐኪም ያላት ሴት በየሦስት ዓመቱ ብታደርገው ይጠቅማታል። ከገጠር መጥታ በነጋታው ለምትመለስ ሴት ግን አይመከርም።

የኤች.ፒ.ቪ. የዘረመል ምርመራ

ይህኛው የሚፈልገው የሴሎችን ለውጥ ሳይሆን ቫይረሱን ራሱን ነው። ቅድመ ካንሰር ካላቸው ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ይለያል። በኦስማናባዱ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ በማህፀን በር ካንሰር የሚመጣውን ሞት በግማሽ ያህል የቀነሰው ይህ ምርመራ ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ቀዳሚ ምርጫ አድርጎታል፤ ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፣ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ላለ ሴት ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ። ቫይረሱ ያልተገኘባት ሴት ለረጅም ዓመታት ያለ ስጋት ልትቆይ መቻሏ ከሌሎቹ ሁሉ ይለየዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅሙ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ መቻሏ ነው። በመጋረጃ ጀርባ ወይም በመጸዳጃ ክፍል ሆና፣ እጇን ታጥባ፣ ለስላሳውን ብሩሽ ወደ ውስጥ አስገብታ፣ በተነገራት መጠን ጥቂት ጊዜ አዙራ ታወጣዋለች፤ ከዚያ በሚሰጣት ብልቃጥ ውስጥ ትከተዋለች። በትክክል ከተወሰደና በተስማሚው የላቦራቶሪ ዘዴ ከተመረመረ ባለሙያ ከሚወስደው ናሙና ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል። ምርመራ የማይሄዱ ሴቶችን ብትጠይቁ አብዛኞቹ የሚነግሯችሁ ሌላ ሰው ፊት ተገልጦ መተኛት የሚያሳፍራቸው መሆኑን ነው። ግርዛት የተፈጸመባትና ስፔኩለም የሚያሳምማት ሴትም በዚህ መንገድ ከሥቃይ ትድናለች።

ድክመቱ ሦስት ነው። ማሽንና ግብዓት ይፈልጋል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የተተከሉት ጂን ኤክስፐርት ማሽኖች ለዚህም ማገልገል ቢችሉም መመርመሪያው በሁሉም ቦታ የለም። ሁለተኛ፣ ዕድሜያቸው ከ30 በታች በሆኑ ሴቶች ላይ በራሱ ሊጠፋ የነበረ ቫይረስ እያገኘ በከንቱ ያስጨንቃል። ሦስተኛ፣ ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር አለ ማለት ስላልሆነ የማህፀን በሩ መታየት ይቀራል፤ ለዚህ ደግሞ ወደ ቪ.አይ.ኤ. ወይም የማህፀን በሩን በማጉያ መሣሪያ ወደማየት፣ ማለትም ወደ ኮልፖስኮፒ፣ መመለስ አለ። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ወረቀት ብቻ ይዛ ያለ ምክር ወደ ቤቷ የተላከች ሴት ከምርመራው ያተረፈችው ጭንቀት ነው።

ለውጥ ከተገኘ

ቅድመ ካንሰር ሲገኝ በቅዝቃዜ ማጥፋት ማለትም ክራዮቴራፒ፣ ወይም በሙቀት ማጥፋት ይደረጋል። ክራዮቴራፒ ጋዝ ይፈልጋል፣ ጋዙም ሲያልቅ አገልግሎቱ ይቆማል፤ የሙቀቱ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ሆኖ በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ ይሠራል። ሁለቱም በተመላላሽ የሚደረጉና አጭር ጊዜ የሚወስዱ ናቸው። ለውጡ ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ ከዘለቀ ሊፕ የሚባለው የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ የማውጣት ሕክምና በሆስፒታል ይሠራል። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውኃማ ፈሳሽ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ቁስሉ እስኪድን አራት ሳምንት ያህል ከግንኙነት መታቀብ፣ ካልሆነም ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል። በዓመቱ ተመልሶ መታየትም የሕክምናው ክፍል ነው።

አማራጮቹ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለማን | ውጤት የሚታወቅበት ጊዜ | በየስንት ጊዜው | ዋናው ጥንካሬ | ዋናው ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ክትባት | በቅድሚያ ከ9 እስከ 14 ዓመት ልጃገረዶች | የለውም | እንደ ዕድሜና ጤና ከ1 እስከ 3 መርፌ | ኢንፌክሽኑን ከመነሻው ይከላከላል | የገባን ቫይረስ አያጠፋም |
| ኮንዶም | ግንኙነት ላለው ሁሉ | የለውም | ሁልጊዜ | ከሌሎች አባላዘር በሽታዎችም ይጠብቃል | ጥበቃው ሙሉ አይደለም |
| ቪ.አይ.ኤ. | ከ30 እስከ 49 ዓመት ሴቶች | ወዲያው | በየ3 ዓመቱ | በአንድ ቀን ታይቶ መታከም ይቻላል | በባለሙያው ልምድ ይወሰናል |
| ፓፕ ስሚር | ቋሚ ክትትል ላላት ሴት | ከቀናት እስከ ሳምንታት | በየ3 ዓመቱ | የሴል ለውጥን ያሳያል | ባለሙያና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይጠይቃል |
| የዘረመል ምርመራ | ከ30 ዓመት፣ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ከ25 ዓመት ጀምሮ | ከሰዓታት እስከ ሳምንታት፣ እንደ ማሽኑ ቅርበት | በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፣ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር በየ3 እስከ 5 ዓመቱ | አብዛኛውን ችግር ያገኛል፣ ናሙናው በራስ ይወሰዳል | በሁሉም ቦታ አይገኝም |

በሠንጠረዡ ያሉት የጊዜ ልዩነቶች የዓለም ጤና ድርጅት ምክሮች ናቸው፤ የምትመረመሩበት ተቋም በአገሪቱ መመሪያ መሠረት ሌላ ቀጠሮ ቢሰጣችሁ ያንን ተከተሉ።

ለማን የትኛው

ከ9 እስከ 14 ዓመት ሴት ልጅ ላለው ቤተሰብ መልሱ አንድ ነው፤ ቀድሞ የተገኘውን ክትባት ማስከተብ። ወንድ ልጆችን በተመለከተ አሜሪካንና እስራኤልን የመሳሰሉ አገሮች እነሱንም ስለሚከትቡ፣ በዚያ የሚኖሩ ወላጆች ከትምህርት ቤት ወይም ከሐኪም የሚመጣውን የፈቃድ ወረቀት «ይህ ለሴት ነው» ብለው መመለስ የለባቸውም፤ ቫይረሱ ወንዶችንም ለኪንታሮት፣ ለፊንጢጣና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች፣ ገንዘቧ ውስን ለሆነና ከጤና ጣቢያ ቅርብ ለምትኖር ሴት ቪ.አይ.ኤ. ጥሩ ምርጫ ነው፤ «የተሻለው ምርመራ እስኪመጣ» ብላ መዘግየት አይገባትም። የዘረመል ምርመራ በአካባቢዋ ካለና ውጤቱን ተከትሎ የሚያክማት ተቋም ካለ ግን እሱን ታስቀድም። ከ50 ዓመት በላይ ሆና ከዚህ በፊት ተመርምራ ለማታውቅ ሴት ቪ.አይ.ኤ. ስለማያስተማምን የዘረመል ምርመራ ወይም ፓፕ ስሚር ይሻላታል። ከ25 ዓመት በታች ላለችና ምንም ችግር ለሌለባት ወጣት በግል ክሊኒክ የዘረመል ምርመራ ማድረግ ገንዘብም ሰላምም ያስወጣል፤ ያው ገንዘብ ለክትባት ቢውል ይሻላል።

ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሴቶች ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሴቶች ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በሚወስዱበት ክሊኒክ የማህፀን በር ምርመራ ይኖራልና በቀጣዩ ቀጠሮ ሳይጠየቁ ራሳቸው ማንሳት አለባቸው። ከእነሱ መካከል ኤች.ፒ.ቪ. ተገኝቶባት በዓይን ሲታይ ለውጥ ያልተገኘባትም ሴት በዓመቱ መመለስ ይኖርባታል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ፣ በአሜሪካ ከ30 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ የዘረመል ምርመራ በየ5 ዓመቱ ይመከራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮም በሕክምና ተቋም ውስጥ ናሙናውን በራስ መውሰድ ተፈቅዷል። ሴት ሐኪምና አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ቤተሰብን አስተርጓሚ ማድረግ ግን በዚህ ጉዳይ ሴቲቱን ዝም ያሰኛታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ እህቶቻችን ምርመራ ማግኘት ከባድ ሊሆን ስለሚችል፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ውጤቱ በዚያው ቀን በሚታወቅበትና ሕክምናው በዚያው ባለበት ተቋም ቢታዩ ይመረጣል።

የትኛውም ቢመረጥ ለምርመራ የሚኬደው የወር አበባ በማይታይበት ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከግንኙነትና በብልት ከሚገባ መድኃኒት መታቀብ ውጤቱን ያጠራዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህንኑ ለባለሙያዋ አስቀድማ ትናገር፤ ክትባቱም ሆነ ቅድመ ካንሰርን የማጥፋቱ ሕክምና በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ እንዲሆን ይደረጋል። ካርድ ከማውጣት በፊትም መዝገብ ክፍሉን ወይም ነርሷን እነዚህን መጠየቅ ይገባል፦ ውጤቱ መቼና በምን መንገድ ይደርሰኛል? ለውጥ ቢገኝ እዚሁ ታክሙኛላችሁ ወይስ ወዴት ትልኩኛላችሁ? ማሽኑና ጋዙ ዛሬ ይሠራሉ? ሕክምናው ተጨማሪ ክፍያ አለው? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሌለው ተቋም ምርመራው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ መልስ ያለው ሌላ ተቋም ፈልጎ መሄድ ይሻላል።